መሃሉን ዘለላችሁት፦ ስለ ማግኒዥየም ባትሪው ዜና

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እኛ ዘንድ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የሚደርሰው ሁለት ሦስት ቀን አርፍዶ ነው። እኔም መልሴን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አረፈድኩ። ስለዚህ ተቻችለናል።

የምጽፈው ስለዚያ የባትሪ ዜና ነው። ከማግኒዥየምና ከድኝ የሚሠራ ባትሪ መጣ ብላችሁ ጻፋችሁ። ከሊቲየም ሰባት እጥፍ ኃይል ይይዛል፣ እሳት አያውቀውም፣ ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፣ በቅርቡም ገበያ ላይ ይውላል አላችሁ። ስለ ጥሬ ዕቃው ያላችሁት ደህና ነው። ሰባት እጥፉና እሳቱ ግማሽ እውነት ናቸው። ገበያ ላይ መዋሉን ግን ከየት እንዳመጣችሁት እንጃ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጋዜጣ ላይ የሳይንስ ስህተት ባየሁ ቁጥር ብዕር ባነሳ ኖሮ ደመወዜ ለቴምብር አይበቃም ነበር። ይህኛውን ያላለፍኩት በአያ ምክንያት ነው።

አያ የአክስቴ ልጅ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ፤ እናንተም እንደዚያው በሉት። ማቻከል ነው የሚኖረው፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ። የመብራት ምሰሶ ከቤቱ ማዶ ይታየዋል እንጂ መስመሩ እሱ ጋ አልደረሰም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሶላር ሰሌዳና አንድ የአሲድ ባትሪ ገዛ። ሁለት አምፖል ያበራል፣ ሬዲዮ ያስከፍታል፣ የሰፈሩን ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ባለፈው ክረምት ባትሪው ሞተ። ሐምሌና ነሐሴ ጮቄ በኩል ደመናው አንዴ ከተጫነ እንደማይነሳ ታውቃላችሁ፤ ሰሌዳው ፀሐይ ሳያገኝ ሰነበተ፣ ልጆቹ ደግሞ ማታ ማታ አምፖሉን አላጠፉም፣ ባትሪው ባዶውን ከረመ።

አያ በጋሪ አማኑኤል ድረስ፣ ከዚያ በሚኒባስ እኔ ጋ ተሸክሞት መጣ። ስድስቱን ክዳኖች ፈታሁና በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁት። የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ደረቅ፣ ሻካራ፣ ኖራ የመሰለ። በሽቦ ጫር ሳደርገው አይነሳም። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። እርሳስ ሰልፌት ነው፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚፈጠር ነው፣ ቶሎ ቻርጅ ካደረግከው ተመልሶ ይሟሟል፣ ባዶውን ካስከረምከው ግን እንዲህ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል አልኩት። ይህን ነጭ ነገር አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ የእናንተን ጋዜጣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አሳይቶት ኖሯል። «አዲስ ልግዛ ወይስ ያንን ማግኒዥየም የሚሉትን ልጠብቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። አትጠብቅ አልኩት። ለምን ሲለኝ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። ያንን አንድ ሰዓት ነው አሁን ለእናንተ የምጽፈው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ያንን አልክድም። ድኝን የማያውቅ የለም። ልጆች ሳለን እከክ ሲይዘን እናታችን ድኝ ፈጭታ በቅቤ ለውሳ ትቀባን ነበር፤ ለሦስት ቀን አጠገባችን የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ዛሬ ድኝ ከነዳጅ ማጣሪያዎች እንደ ተረፈ ምርት እየወጣ በዓለም ላይ ይከመራል። ማግኒዥየምም እንደዚያው ነው። የጤፉ ቅጠል አረንጓዴ የሆነው በማግኒዥየም ነው፤ ክሎሮፊል መሃሉ ላይ አንድ የማግኒዥየም አቶም ይዟል። ከአንድ ቶን የመሬት ቅርፊት ውስጥ ማግኒዥየሙ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ሊቲየሙ 20 ግራም ገደማ። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ እንኳ 1.3 ግራም ያህል ማግኒዥየም አለው። እኛም አገር ቢሆን ዳሎል ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፦ ድኙ ላይ ላዩን ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ ከሥሩ ደግሞ ካርናላይት የሚባለው ማግኒዥየም ያለበት ጨው አለ። ድሮ አሞሌ ከዚያ አካባቢ ተነስቶ በግመልና በበቅሎ ስንት አገር አቋርጦ እዚህ ባሶ ገበያ ድረስ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ጥሬ ዕቃ ላይ አልከራከራችሁም። ማግኒዥየምን ከድንጋዩ ነጥሎ ብረት ማድረግ ብዙ ሙቀት ይበላል፣ የዓለምን አብዛኛውን ምርት የምታወጣውም ቻይና ናት፤ ግን እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው።

አሁን ሰባት እጥፉ። ከየት እንዳገኛችሁት ገብቶኛል። ማግኒዥየምና ድኝ ሙሉ ለሙሉ ቢዋሃዱ በኪሎ 1,700 ዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል ይላል ስሌቱ። አሁን የምንጠቀምበት ጥሩ የሊቲየም ባትሪ በኪሎ 250 ገደማ ይሰጣል። ሲካፈል ሰባት ይመጣል፣ እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው ቁጥር የወረቀት ነው፣ ሁለተኛው የዕቃ። በመጀመሪያው ላይ የተመዘኑት ማግኒዥየሙና ድኙ ብቻ ናቸው። ፈሳሹ የለበትም፣ ካርቦኑ የለበትም፣ ጣሳው የለበትም፣ ድኙ ሁሉ ሥራ ላይ ውሏል ተብሎ ታስቦ ነው። ሁለተኛው ላይ ሁሉም አለ። ይህ ማለት የአንዱን ማር ተጣርቶ፣ የሌላውን ከነሰፈፉና ከነቅሉ መመዘን ነው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ መዝኖ የሚሸጥ ሰው ገበያ አይውልም። ሊቲየሙንም በወረቀት ቁጥሩ ብታወዳድሩት ልዩነቱ ሰባት ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ በሆነ ነበር። አራትም ቢሆን ብዙ ነው። ምን አስቸኮላችሁ?

ዋናው ቅሬታዬ ግን ቁጥሩ አይደለም። መሃሉን መዝለላችሁ ነው። ማግኒዥየሙና ድኙ ይገናኛሉ፣ ማግኒዥየም ሰልፋይድ ይሆናሉ፣ ኤሌክትሪክ ይወጣል አላችሁና ዘጋችሁት። ይህ ሰርግ አይቶ መጥቶ፣ ሙሽራው ሄደ፣ ሙሽራይቱን ይዞ ተመለሰ ብሎ እንደ ማውራት ነው። ሽምግልናው የት ገባ? ጥሎሹስ? መንገድ ላይ የቀረው ሚዜስ? የዚህ ባትሪ ነገር እኮ ሁሉም ያለው መንገዱ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ያሉት ደግሞ ፖሊሰልፋይዶች ይባላሉ። ስማቸውን አንዴ እንኳ አላነሳችሁም።

ድኝ በራሱ ሲሆን ስምንት አቶሞች ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚቀመጡት። ባትሪው ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱ የማግኒዥየም አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ይለቃል። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ዞረው፣ የአያን አምፖል አብርተው፣ ድኙ ጋ ይደርሳሉ። ማግኒዥየሙ ራሱ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ፣ አዮን ሆኖ፣ በመሃል ባለው ፈሳሽ፣ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ፣ በአቋራጭ ይመጣል። ኤሌክትሮኖቹ ሲደርሱ የድኙ ክብ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ክብ የነበረው ሰንሰለት ሆነ ማለት ነው፤ ስምንት አቶም ያለው፣ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ የያዘ። ፖሊሰልፋይድ ይህ ነው። ተጨማሪ ኤሌክትሮን ሲመጣ ሰንሰለቱ እየተቆራረጠ ያጥራል፦ ወደ ስድስት፣ ወደ አራት፣ ወደ ሁለት፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሰልፈር (የድኝ አቶም ማለት ነው) ብቻውን ቀርቶ ከአንድ ማግኒዥየም ጋር ማግኒዥየም ሰልፋይድ ይሆናል።

አያ እዚህ ላይ «እና ምን ችግር አለው?» አለኝ። ቡና ቀርቦ ነበርና ሲኒውን አሳየሁት። ስኳሩ ይሟሟል፣ አተላው ይዘቅጣል። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች እንደ ስኳሩ ናቸው፣ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙተው ይሄዳሉ። አጫጭሮቹ፣ ሁለትና አንድ ሰልፈር ያላቸው፣ እንደ አተላው ናቸው። ጠጣር ሆነው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ይህ ባትሪ በጠጣር ይጀምራል፣ መሃሉ ላይ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ በጠጣር ይጨርሳል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ መሄድ አለበት።

ለተማሪዎቼ የማሠራቸውን ሒሳብ እናንተም ሥሩት። ስምንት ሰልፈር ሙሉ በሙሉ ወደ ማግኒዥየም ሰልፋይድ ለመቀየር 16 ኤሌክትሮን ያስፈልጋል። ከስምንቱ ክብ ተነስቶ አራት አራት ያላቸው ሁለት ሰንሰለቶች ጋ ለመድረስ የሚፈጀው ግን አራት ብቻ ነው። ሩብ ማለት ነው። ሁለት ሁለት ያላቸው አራት ቁራጮች ጋ ለመድረስ ስምንት። ግማሽ። የቀረው ግማሽ ሀብት ያለው መጨረሻዋ ደረጃ ላይ ነው፣ እሷ ደግሞ አተላው ውስጥ፣ ጠጣሩ ውስጥ የምትካሄድ ናት። ማግኒዥየም በጠጣር ውስጥ መንቀሳቀስ ሞት ነው የሚሆንበት። መጠኑ ከሊቲየም አዮን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ቻርጁ ግን እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል፣ ከያዘም አይለቅም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሙከራዎች መንገድ ላይ የሚቀሩት፣ መመለሱም ከመሄዱ የሚብሰው።

ታዲያ ሰንሰለቶቹ ለምን ይሟሟሉ፣ ለምን እንዳይሟሙ አይደረግም ትሉ ይሆናል። አያም ብሎኛል፣ እንዲያውም ከእኔ ተማሪዎች ቀድሞ። ነገሩ ግን ሁለት መልክ አለው። ድኝ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ነው፤ ከፕላስቲክ አይሻልም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ካርቦን ይቀላቀልበታል፤ ኤሌክትሮን ሊደርስ የሚችለው ድኙ ካርቦኑን የሚነካበት ፊቱ ላይ ብቻ ነው። ሰንሰለቶቹ ባይሟሙ ኖሮ ላይኛው ቆዳ ብቻ ሠርቶ ውስጡ ያልተነካ ድኝ ሆኖ ይቀራል። የሚሟሟው ፖሊሰልፋይድ ግን ላዩን እየገፈፈ ለቀጣዩ ቦታ ይለቃል፣ ሟሙቶም ካርቦኑ ጋ ይደርሳል። ማለትም ሥራውን የሚያሠራው እሱ ነው። የሚያበላሸውም እሱ ነው። ዜናችሁ ይህችን ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

እንዴት ነው የሚያበላሸው? የሟሟ ነገር በሰፈሩ አይቀመጥም። ረጅሙ ሰንሰለት ዋኝቶ ማዶ፣ ማግኒዥየሙ ጋ ይሄዳል። ማግኒዥየም ኤሌክትሮን ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። እዚያው ላይ፣ በሽቦው በኩል ሳያልፍ፣ አምፖል ሳያበራ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል። ሰንሰለቱ ያጥራል። ያጠረው ተመልሶ ወደ ድኙ ወገን ይዋኛል፤ ባትሪው ቻርጅ ላይ ከሆነ እዚያ እንደገና ይረዝማል፣ እንደገና ይሻገራል። ፈረንጆች ለዚህ ነገር ስም ያወጡለት ከሸማኔ መወርወሪያ ነው። ጥሩ ስም ነው፣ ግን መወርወሪያ ግራና ቀኝ ሲመላለስ ቢያንስ ጋቢ ይወጣዋል። ይሄ ሲመላለስ ይውላል፣ የሚሸመን ነገር የለም። ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ባትሪው አይሞላም። ሞልቶ የተቀመጠ ባትሪም ቢሆን ማንም ሳይነካው ኃይሉ ዝም ብሎ ያልቃል።

እስከዚህ ድረስ የሊቲየምና የድኝ ባትሪም ያው ችግር አለበት። ማግኒዥየም ላይ የሚብሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ሊቲየም ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ያበቅላል፤ ሽፋኑ ግን የሊቲየምን አዮን ያሳልፋል። ወንፊት በሉት። ማግኒዥየም ላይ የሚበቅለው ወንፊት አይደለም፣ ግድግዳ ነው። ፖሊሰልፋይዱ ማግኒዥየሙ ላይ ደርሶ ሲያጥር ማግኒዥየም ሰልፋይድ ሆኖ እዚያው ይጋገራል፣ የማግኒዥየም አዮን ደግሞ በዚያ ውስጥ ማለፍ አይችልም ማለት ይቻላል። ከሥሩ ያለው ማግኒዥየም ገና አዲስ ነው፣ ግን በሩ ተዘግቷል።

ይህን ስነግረው አያ ዞር ብሎ የራሱን ባትሪ አየ። «እንደዚህ ነጭ ነገር?» አለ። ኬሚስትሪው አንድ አይደለም፦ የእሱ ሰልፌት ነው፣ ኦክስጅን ያለበት፣ ከእርሳስ ጋር የተያያዘ፤ ያኛው ሰልፋይድ ነው፣ ከማግኒዥየም ጋር። የሚፈጠሩበትም ምክንያት ይለያያል። ግን ሁለቱም ሰልፈር ያለበት ግግር ናቸው፣ ሁለቱም ሰሌዳውን ሸፍነው ባትሪውን ይገድሉታል። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ፖሊሰልፋይዶች ቀለም አላቸው። ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፣ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ሰንሰለቱ እንደ ርዝመቱ። ስድስት ያለው ሰንሰለት መሃል ለመሃል ሲከፈል ሦስት ሦስት ሰልፈር ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ፣ እነሱ ደግሞ ድምቅ ያለ ሰማያዊ ናቸው። ላፒስ ላዙሊ የሚባለው የከበረ ድንጋይ ሰማያዊ የሆነው በዚሁ ሦስት ሰልፈር ባለው ቁራጭ ነው። ነጭ ልብስ ሲታጠብ ቢጫነቱን ለማጥፋት ውሃው ላይ የሚበተነው ሰማያዊ ዱቄትም ብዙ ጊዜ ያው ቀለም ነው። ተመራማሪዎች ባትሪው ውስጥ የትኛው ሰንሰለት እንዳለ የሚያውቁት ብርሃን አሳልፈው የትኛው ቀለም እንደጎደለ እያዩ ነው። ነገሩ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም ሰንሰለቶቹ ማንንም ሳይጠይቁ እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ፦ ሁለት ባለ ስድስት ተገናኝተው አንዱ ባለ ስምንት፣ አንዱ ባለ አራት ሆነው ይለያያሉ። ቆጥረህ ሳትጨርስ ቁጥሩ ተቀየረ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የገበያ ቀን በግ መቁጠር ነው የመሰለኝ።

ሰዎቹ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። ያንን ልበል፣ ምክንያቱም ዜናችሁ ትናንት የተጀመረ አስመስሎታል። ተደጋግሞ ቻርጅ የሚደረግ የማግኒዥየም ባትሪ በደንብ የታየው በፈረንጆቹ 2000 እስራኤል ውስጥ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ በእነ ዶሮን አውርባክ ነው፤ ያኔ ድኙ ለብቻው አልነበረም፣ የሞሊብዲነምና የድኝ ውህድ ነበር። ድኝን ማስገባት ያስቸገረው በፈሳሹ ምክንያት ነው። ማግኒዥየምን በደንብ የሚያመላልሱት የመጀመሪያዎቹ ፈሳሾች ከግሪኛርድ ውህዶች ወገን ነበሩ፤ ቪክቶር ግሪኛርድ በ1912 ኖቤል የተሸለመባቸው ማለቴ ነው። እነዚህ ውህዶች ኤሌክትሮን የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ያጠቃሉ። ድኝ ደግሞ ኤሌክትሮን ፈላጊ ነው። ገና ባትሪው ሳይጀምር ፈሳሹ ድኙን በላው። በ2011 አሜሪካ ያለው የቶዮታ ምርምር ተቋም ድኝን የማያጠቃ ፈሳሽ አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን የማግኒዥየም ድኝ ባትሪ አሳየ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ለአንድ ግራም ድኝ ወደ 1,200 ሚሊአምፒር ሰዓት ሰጠ። በወረቀት የሚቻለው 1,672 ነው፤ ስለዚህ ግሩም ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ወደ 400 ወረደ። በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስተኛው ሄደ በሉት። ፖሊሰልፋይዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሞክሯል። በ2015 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፈሳሹ ላይ የሊቲየም ጨው ጨመሩበትና መመላለሱ በጣም ተሻሻለ፣ ሊቲየሙ ያንን ድንጋይ የሆነ ሰልፋይድ እንዲመለስ ያግዘዋል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከሊቲየም ለመገላገል ተነስተን ሊቲየምን እርዳን አልነው! በ2017 ደግሞ ጀርመን፣ ኡልም ያሉት ክሎሪን የሌለበት፣ ቦሮንና ፍሎሪን ያለበት የማግኒዥየም ጨው አወጡ፤ ክሎሪን ያለባቸው የድሮዎቹ ፈሳሾች የባትሪውን ብረት ይበሉ ነበርና ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ድኙን ቀዳዳ በበዛበት ካርቦን ውስጥ መደበቅ፣ መሃል ያለውን መለያ ጨርቅ ፖሊሰልፋይድ በሚይዝ ነገር መቀባት፣ ድኙን ከፕላስቲክ ዘር ጋር አጣብቆ ረጃጅሙ ሰንሰለት እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ይህ ሁሉ አለ። እያንዳንዱ የሆነ ነገር ይፈታል፣ የሆነ ነገር ያስከፍላል። ካርቦን ባበዛህ ቁጥር ድኙ ይቀንሳል፣ ሰባት እጥፍ ያላችሁትም አብሮ ይቀንሳል።

እሳት አያውቀውም ያላችሁትንማ ተማሪዎቼ ይስቁበታል። ላቦራቶሪ ውስጥ የማግኒዥየም ሪባን አቃጥዬ ሳሳያቸው ዓይናችሁን አዙሩ እያልኩ ነው፤ ነጭ ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል። እርግጥ ነው ወፍራም ማግኒዥየም በቀላሉ አይነድም፣ የሚቀልጠውም 650 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሊቲየም ግን 180 ላይ ይቀልጣል። ቻርጅ ሲደረግም እንደ ሊቲየም መርፌ መርፌ እያበቀለ ማዶ የመድረስ ጠባዩ ያነሰ ነው። በዚህ ይሻላል። ግን በመሃል ያለው ፈሳሽ ከኤተር ወገን ነው፣ አንዳንዶቹ በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ሌላም አለ፤ ማግኒዥየም ሰልፋይድ ውሃ ካገኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል፣ ያ የገማ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ። እኔ የአያን ባትሪ እንደከፈትኩት ይህን ማንም ቤቱ ውስጥ መክፈት የለበትም።

ለአያ የመከርኩትን ልንገራችሁ፣ እንደሱ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል። ገንዘብ ካለህ የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ግዛ አልኩት። ኮባልት የለበትም፣ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይሠራል፣ እሳት ላይም ከሌሎቹ ሊቲየሞች የተረጋጋ ነው። ካልቻልክ የአሲዱን ድገመው፣ ግን ክረምት ሲገባ አምፖሉን ቀንስ፣ ባዶውን አታሳድረው፣ ውሃውን እይ። «ማግኒዥየሙስ?» አለኝ። ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ መጠኑም ከሲኒው ሥር አይበልጥም፣ ገና ከአተላው ጋር እየታገሉ ነው አልኩት። «ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። አይ፣ ላሟስ አለች፣ ወተቷ ነው መንገድ ላይ የሚፈሰው አልኩት።

ለማረም ፈቃደኛ ከሆናችሁ ሁለት ነገር ብቻ እንድታስተካክሉ እጠይቃለሁ። ሰባት እጥፍ ያላችሁት የስሌት ቁጥር እንጂ የተሠራ ባትሪ ቁጥር እንዳልሆነ ጻፉ። ገበያ ላይ ይውላል ያላችሁትንም አንሱት፤ የሰሌዳና የባትሪ ነጋዴ አሁን ቅዳሜ ገበያ ላይ «ይሄ ማግኒዥየም ነው» እያለ የእርሳስ ባትሪ ለመሸጥ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

አያ ማክሰኞ ዕለት አዲስ የአሲድ ባትሪ ይዞ ሄደ። አሮጌውን ቁራሌው በኪሎ ገዛው። ከመሄዱ በፊት የጋዜጣውን ፎቶ በልጁ ስልክ ላይ እንደገና አስከፍቶ ጠጋ ብሎ አየው። ከዜናው ጋር ያወጣችሁት ሥዕል የማግኒዥየም ባትሪ አይደለም ለካ። የመኪና አሲድ ባትሪ ነው፣ ስድስቱ ክዳኖች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። «ይሄማ የኔው ነው» አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ